የአምባሰሏ ማሪቱ ለገሰ እና ከኋላዋ ያሉት

አምባሰልን አንስቶ ማሪቱ ለገሰን አለማንሳት አይቻልም። ይህች የወሎ ልጅ ስሟ አገር ያዳረሰው በደርግ ዘመን፣ ደሴ ላይ በነበረው የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ውስጥ ስትዘፍን ነው። በኋላ ረጅም ዓመታት አሜሪካ ኖራ ወደ አገሯ ተመልሳለች። የኪነት ቡድኖች በዚያ ዘመን ለአብዮቱ ቅስቀሳም ያገለግሉ ነበር። ይሁንና የገጠሩን ዘፈን ከነመሣሪያው ወደ መድረክ በማውጣት የሠሩት ሥራ እስከ ዛሬ ይደመጣል።

የአገራችን ባህላዊ ዘፈን በዋናነት በአራት ቅኝቶች ይታወቃል፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። አምባሰልና ባቲ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። አራቱም ቅኝቶች አምስት አምስት ድምፅ አላቸው፤ የሚለያያቸው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። በአምባሰል ሁለተኛው ድምፅ ከመነሻው በግማሽ ቶን ብቻ ከፍ ይላል። ከዚያ ወደ ሦስተኛው በአንድ ጊዜ ሁለት ቶን ይዘላል። ከሦስተኛው ወደ አራተኛው አንድ ቶን፣ ከአራተኛው ወደ አምስተኛው እንደገና ግማሽ ቶን ነው። ያንን አንጀት የሚበላ እንጉርጉሮ የሚፈጥረው ይህ መጠጋትና መራቅ ነው። ዘፋኟ በግማሽ ቶኗ ላይ ጥቂት ከሳተች አምባሰልነቱ ይጠፋል። ማሪቱ ግን በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ድምጿን እያርገበገበች ትቆያለች፤ የሚያስደንቀውም ይኸው ነው።

ብቻዋን ግን አይደለችም። ከኋላዋ ያሉት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር አለው፤ ዘፈኑ ሳይጀመር በቅኝቱ ይቃኛል። ስለዚህ ቤቱን የሚሠራው እሱ ነው። ማሲንቆ ያለው አንድ የጭራ አውታር ብቻ ነው፤ በደጋን እየተገዘገዘ የዘፋኟን ድምፅ እግር በእግር ይከተላል፣ ትንፋሽ ስትወስድም ዜማውን ተቀብሎ ይይዝላታል። ዋሽንት ከሸምበቆ የሚሠራና አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ያለው ነው። አንድ ዋሽንት ለሁሉም የድምፅ ከፍታ ስለማይሆን፣ ዋሽንት ነፊ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ይዞ ይወጣል። ከበሮ ምቱን ይጠብቃል፤ ተቀባዮች ደግሞ በጭብጨባ ያደምቁታል። አንዱ ቢጎድል ዘፈኑ ይሳሳል።

እዚያው ወሎ ውስጥ በራያ ወደምትገኘው ቆቦ ስንመጣ ደግሞ ምቱ ሌላ ነው። የቆላው ዘፈን አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ሲጎራበቱ የኖሩበት ነው፤ ጭፈራውም ከትከሻው በተጨማሪ ዝላይ አለው። የዚህ አካባቢ ሴቶች የዘፈን ትምህርት ቤት ሶለል ነው። ላስታ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ እንደሚለው ሁሉ፣ ራያ ቆቦ የነሐሴውን የልጃገረዶች በዓል ሶለል ይለዋል። ልጃገረዶቹ ከበሮ ይዘው በየቤቱ እየዞሩ ይጫወታሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አውጪዋ በዚያው መሐል አዲስ ግጥም ትጨምራለች፤ የቤቱን ባለቤት ታወድሳለች። አውጪና ተቀባይ፣ ገጣሚና አጃቢ እዚያው መንደር ውስጥ ተሟልተው ይገኛሉ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው የመንደር ዘፈን ለትውልድ እንዴት እንደሚቆይ ለመረዳት አሜሪካኖች ከገጠር ዘፈናቸው ጋር ያደረጉትን ማየት ይጠቅማል። በ1919 ዓ.ም. ክረምት አንድ የሸክላ አሳታሚ መቅረጫውን ይዞ ብሪስቶል ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደ። ከቨርጂኒያ ተራራማ አገር የካርተር ቤተሰብ አባላት መጥተው ተቀረጹ፦ ሣራ ትዘፍናለች፣ ሜይቤል ጊታር ትመታለች፣ የሣራ ባለቤት ኤ.ፒ. ደግሞ በየመንደሩ እየዞረ የሰበሰበውን ዘፈን ያቀርባል። ዛሬ የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ መሠረት ከሚባሉት መካከል እነዚያ ቅጂዎች አሉ። ዘፋኞቹ በመንደራቸው የሚዘፈነውን ነበር የዘፈኑት፤ ለትውልድ ያቆየው ግን በወጉ መቀረጹ ነው።

ወሎ ለአምባሰል ማሪቱን አግኝቷል፤ ላሊበላ ኪነትም መድረኩን ሰጥቷታል። የራያ ቆላ ዘፈንም እንዲሁ የራሱ አውጪና በቅጡ የተቃኘ ክራር፣ ማሲንቆና ከበሮ ያለው ቡድን ይገባዋል። የቆቦ ትምህርት ቤቶች፣ የባህል ጽሕፈት ቤቱና በየአገሩ ያላችሁ የራያ ልጆች፣ በመጪው ነሐሴ ሶለልን ከማየት አልፋችሁ ቅረጹት። ግጥሙን ጻፉት፣ የአውጪዋን ስም መዝግቡ፣ አጃቢዎቿንም አትርሱ።