ወንበሩን ነው ወይስ ሰውየውን?

የጀውሃ ልጅ ናት፤ ስሟ ይቆየን። አዲስ አበባ ተምራ ሥራ ይዛለች። አሁን አንድ ትልቅ ሹመት ያለው ሰው ሽማግሌ ሊልክ ነው። «ቤተሰብ እልል ብሏል፤ እኔ ግን የወደድኩት ሰውየውን ይሁን ወንበሩን ለራሴም ግራ ገብቶኛል» ትላለች።

እህቴ፣ ምክር ከምደረድርልሽ የአንዲት ባለሹመት ሚስት ታሪክ ላጫውትሽ።

ከጣርማበር ዋሻ ወርዶ፣ ሸዋሮቢትን አልፎ፣ በጀውሃ በኩል ደሴ የሚሄደው መንገድ የጣሊያን ሥራ መሆኑን ታውቂያለሽ። በ1930 ዓ.ም. ግራዚያኒን ተክቶ እንደራሴ የሆነው የአኦስታው መስፍን አመዴዎ ነው። ሚስቱ አና ትባላለች፤ የፈረንሳይ ንጉሣውያን ዘር። አባቷ «ዙፋኑ ለእኔ ይገባል» ከሚሉት፣ ዙፋን ግን ከሌላቸው መሳፍንት አንዱ ነበሩ። በ1920 ዓ.ም. ኔፕልስ ላይ ሲጋቡ ታዲያ... እናቶቻቸው እህትማማቾች! እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ይህን ስንሰማ እናማትባለን። (ጎረቤቶችሽ አፋሮች ግን በአብሱማ የአክስት ልጅ ያገባሉ፤ ስለዚህ ብዙም አልፈርድባቸውም።)

የእንደራሴው መኖሪያ ገነተ ልዑል ነበር፤ የዛሬው ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ። የእሱና የአና ትዳር በክብር ሲኖር፣ በዚያው አገዛዝ ሥር የሌላው ሰው ፍቅር ወንጀል ነበር። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከአበሻ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ከእሷ የወለደውን ክልስ ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል ተከለከለ። መስፍኑ ከግራዚያኒ ይሻላል ይባላል። ይሁን! ከግራዚያኒ መሻል ግን ምን ያስመሰግናል?

ወንበሩ ብዙ አልቆየም። በግንቦት 1933 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ ለእንግሊዞች እጁን ሰጠ፤ በየካቲት 1934 ዓ.ም. ናይሮቢ ውስጥ በምርኮ እንዳለ ታሞ ሞተ። አና በ35 ዓመቷ ሁለት ሴት ልጆች ይዛ ባሏ የሞተባት ሆነች። በዚህም አላበቃም። በ1936 ዓ.ም. የጣሊያን የትናንት ወዳጆች ጀርመኖች ከነልጆቿ ወስደው ኦስትሪያ ውስጥ አገቷት፤ የተፈታችው ጦርነቱ ሲያልቅ ነው። በ1978 ዓ.ም. ስትሞት ኔፕልስ ተቀበረች። እሱ ያለው ኬንያ፣ ኒዬሪ፣ ከወታደሮቹ ጋር ነው።

አየሽ፣ ሹመት ሲመጣ ሚስትም ትሾማለች፤ ሲሄድ ግን ዕዳው የእሷም ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ከመምጣቱ በፊት ሰውየውን ያለ መኪናና ያለ ሹፌር በአውቶቡስ ጀውሃ ውሰጂው። በዚያ ሙቀት አባትሽ ደጅ ቁጭ ብሎ ምን እንደሚያወራ ስሚው። ቢሻር የምትኖሪው ከዚያ ሰው ጋር ነው።

የእኛዋንም ሳላነሳ አላልፍም። ልዕልት ሮማነወርቅ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ የባሌው ገዥ የደጃዝማች በየነ መርዕድ ባለቤት ነበሩ። ባለቤታቸው በየካቲት 1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተገደሉ። እሳቸው ከነልጆቻቸው ተግዘው አዚናራ ደሴት ተወሰዱ። አመዴዎ ገና እዚህ በእንደራሴነት ተቀምጦ ሳለ፣ በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ልዕልቷ በግዞት እንዳሉ ቱሪን ላይ አረፉ። ቱሪን የመስፍኑ የትውልድ ከተማ ናት።