እውነት ወይስ ተረት? «ሶላር ያስገባ ሰው ከመብራት ሂሳብ ተገላገለ»

ባሕር ዳር ላይ መብራት ጠፍቶ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲቆይ ከየግቢው የሚሰማው ወሬ አንድ ነው፦ «ይህን የመሰለ ፀሐይ ይዘን በጨለማ መቀመጣችን! ሶላር አስገብቶ መገላገል ነው እንጂ። ከዚያ በኋላ ሂሳብ የለ፣ መጥፋት የለ።» እርስዎም ሳይሰሙት አይቀሩም። ችግሩ ንግግሩ ሁለት ጉዳዮችን በአንድ ገመድ ማሰሩ ነው። ሂሳብ መቀነስ አንድ ነገር ነው፤ መብራት ሲጠፋ አለመጨለም ሌላ ነገር ነው።

ከሂሳቡ እንጀምር። «ፀሐይ በነፃ ነው፣ ፓኔሉ በሁለት ዓመት ዋጋውን ይመልሳል» ይባላል። ፀሐይዋ በነፃ ናት፤ ፓኔሉ፣ ባትሪው፣ ኢንቨርተሩ፣ ሽቦውና ገጣሚው ግን በነፃ አይደሉም። የአንድ ኪሎ ዋት ፓኔል በባሕር ዳር ሰማይ በቀን በአማካይ አራት ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያመነጫል፤ በዓመት ወደ 1,600 ገደማ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ አዲሱ ታሪፍ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት፣ ለመኖሪያ ቤት ውዱ እርከን በኪሎ ዋት ሰዓት 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ 50 ደግሞ በ27 ሳንቲም ይታሰቡ ነበር። ሁሉንም በውዱ ብናሰላው እንኳ ፓኔሉ በዓመት የሚያድነው 4,000 ብር አይሞላም። ታሪፉ ከዚያ ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ ሦስት እጥፍ ይሁን ቢሉ 12,000 ብር ነው። እስቲ አንድ ደህና የሊቲየም ባትሪ ስንት እንደሚሸጥ ሱቅ ገብተው ይጠይቁና ዋጋውን በዚህ ቁጥር ያካፍሉት። ርካሽ ባትሪ ገዝተው ከሆነ ደግሞ ወጪውን ሳይመልስ እሱ ራሱ ይሞታል።

ታዲያ ወሬው ለምን አይሞትም? ምክንያቱም የሚያወሩት ሰዎች ውሸታም አይደሉም። ጀርመን ያለው ወንድም «በሶላር ሂሳቤ ወረደ» ሲል እውነቱን ነው፤ እዚያ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከ30 የዩሮ ሳንቲም በላይ ይከፈልበታል። ገጠር ያለችው አክስትም እውነቷን ነው፤ ትንሿ የሶላር መብራት ከኩራዝ ጭስና ከጋዝ ወጪ አላቀቀቻት። የሁለቱ ምስክርነት ግን የመብራት ኃይል መስመር ቤቱ ድረስ ለገባለት፣ ከውሃ የመነጨ ርካሽ ኃይል ለሚጠቀም የባሕር ዳር ነዋሪ አይሠራም።

በተቃራኒው ደግሞ «ህዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ ከእንግዲህ ባትሪ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ደስ ይላል። ነገር ግን ግድብ ብቻውን መጥፋትን እንደማያስቀር እኛ የጣና ዳር ሰዎች ቀድመን ማወቅ ነበረብን። ጢስ ዓባይ አፍንጫችን ሥር ኃይል ማመንጨት የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ የጣናን ውሃ በዋሻ ወስዶ የሚሠራው 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። መብራቱ ግን ይጠፋል። የሰፈር መብራት ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ግድብ ውስጥ ውሃ ስላነሰ አይደለም፤ ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት፣ ምሰሶ ሲዘም፣ የክረምት ነፋስ ቅርንጫፍ ሰብሮ ሽቦ ላይ ሲጥል ነው። ይህን ደግሞ ምንም ያህል ትልቅ ግድብ ብቻውን አይፈታውም።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ዋናው ነገር ላይ ደረስን። «መብራት እንዳይጠፋብኝ ፓኔል ልስቀል» ይባላል። ከጨለማ የሚያወጣዎት ግን ፓኔሉ ሳይሆን ባትሪው ነው። ባትሪ የሌለው፣ ከመስመሩ ጋር ብቻ የተገናኘ ሶላር መብራት ሲጠፋ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን አብሮ ይጠፋል፤ መስመር ሊጠግን ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ በእርስዎ ኃይል እንዳይያዝ ሲባል ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። በሌላ በኩል ባትሪና ኢንቨርተር ያለ አንዳች ፓኔል ይሠራሉ፤ መብራት ሲኖር ከግድግዳው ሶኬት ይሞላሉ፣ ሲጠፋ ይሰጣሉ። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ይጠቀሙበታል። ሦስት አምፖል፣ ዋይፋይና አንድ ቴሌቪዥን ተደምረው 100 ዋት ቢወስዱ ስድስት ሰዓት ያህል ይቆያል። ተከራይ ከሆኑ ወይም ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆኑ ደግሞ ቤት ሲቀይሩ ይዘውት ይሄዳሉ፤ የሰው ጣሪያ ላይ የተበየደ ብረት ነቅሎ መሄድ ግን ጭቅጭቅ ነው። ፓኔሉ የሚያስፈልገው መብራት ቀን ሙሉ ወይም ከዚያ በላይ ሲጠፋ፣ ባትሪው የሚሞላበት ሲያጣ ነው። ሱቅዎ ወይም ክሊኒክዎ እንዲህ ዓይነት መጥፋት የሚጎዳው ከሆነ ይግዙ፤ የሚነጻጸረው ከቆጣሪው ሂሳብ ጋር ሳይሆን ከጀነሬተር ነዳጅና ከተበላሸ ዕቃ ጋር ነውና ያዋጣል።

ምጣዱን ግን ይርሱት። «ባለ አንድ ኪሎ ዋቱ ኢንቨርተር ሁሉንም ይችላል» የሚል ሻጭ እንጀራ ጋግሮ አያውቅም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይስባል፤ ኢንቨርተሩ ወዲያው ይጮህና ይዘጋል።

ስለ ፀሐይዋም የሚባል አለ። «ሙቀት ሲበዛ ይበልጥ ያመነጫል፣ ክረምት ከገባ ግን ጭራሽ አይሠራም» ይላሉ። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ፓኔል የሚፈልገው ብርሃን ነው፤ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲግል እንዲያውም ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የእኛ 1,800 ሜትር ከፍታና የሐይቁ ነፋሻ አየር ይስማማዋል። በሐምሌ ደመና ምርቱ ከግማሽ በታች የሚወርድበት ቀን አለ እንጂ ዜሮ አይገባም። በእኛ ከተማ ይበልጥ የሚጎዳው ጥላ ነው። የአንድ ዘንባባ ቅጠል ጥላ ከፓኔሉ ጥግ ላይ ቢያርፍ የሚጎድለው የተሸፈነችው ጥግ ብቻ አይደለም፤ ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ የቀሩትንም ይዛ ትወርዳለች። ደግሞ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በእኛ ላይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታጋድላለች፤ በስተሰሜን ያለውን ዛፍም ማየት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሶላር በጣና ዙሪያ ከልብ የሚያዋጣበት ቦታ ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ይገኛል። በፎገራ ሜዳ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ በጋውን ሙሉ ሞተር እያስነሣ ውሃ ይስባል፤ በየሳምንቱ ነዳጅ ፍለጋ ይወጣል፣ ሲጠፋም በውድ ይገዛል። ለእሱ የሶላር ፓምፕ የሚተካው ርካሽ የቆጣሪ ኃይልን ሳይሆን ውድ ነዳጅን ነው። ውሃውን ቀን አጠራቅሞ ማታ ማጠጣት ስለሚችል ውዱን ባትሪ መግዛትም አይጠበቅበትም። ለሶላር የመደቡት ገንዘብ ካለና ገጠር መሬት የሚያርስ ወንድም ካለዎት፣ ከከተማው ጣሪያዎ በፊት የእሱን ማሳ ያስቡ።