ሞተር ሳይክልን ለፎገራ ጭቃ ማዘጋጀት፦ ተረቱና እውነታው

ከባሕር ዳር ተነስቶ በሐሙሲት አድርጎ ወረታ የሚገባው አስፋልት ላይ ለሞተር ሳይክል ነጂ ክረምቱ ከበጋው ብዙም አይለይም። ፈተናው የሚጀምረው ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ጣና ሲታጠፍ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች የፎገራን ሜዳ ሲያጠግቡት በናበጋ፣ በሺና፣ በዋገጠራ በኩል ያለው መንገድ ከሩዝ ማሳው መለየት ያቅታል። የግብርና ባለሙያው ሥራ ግን በዚህ ወቅት አይቆምም፤ ክትባት የያዘው የጤና ሠራተኛም ቅዝቃዜው ሳያልቅበት መድረስ አለበት። ብዙዎቹ የሚተማመኑት በሞተር ሳይክል ነው። ሞተሩን ለጭቃ ስለማዘጋጀት የሚነገራቸው ምክር የተሳሳተ ከሆነ ሜዳ ላይ ያሳድራቸዋል፤ ስለዚህ ምክሩን አንድ በአንድ መመርመር ተገቢ ነው።

በቅድሚያ አፈሩ። ፎገራ ዋልካ ነው። በሀገራችን እንዲህ ያለው ጥቁር ሸክላ አፈር ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት እንደሚሸፍን ይገመታል። በውስጡ ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ዓይነት በብዛት አለ፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ በበጋ የምናየውን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በኮረኮንች መንገድ የተለመደውን ብልሃት ከንቱ የሚያደርገው ይህ ጠባዩ ነው።

«ጭነት ካለው ጎማው መሬት ይይዛል»

ከሁሉም ሥር የሰደደው እምነት ይህ ነው። የሞተሩ የኋላ ጎማ ባዶውን ሲሽከረከር ከኋላ ሰው ይጫንበታል፤ ባጃጁ ሲያዳልጠው ተሳፋሪው ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ እንዲል ይነገረዋል። እምነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በጠጠር አቀበት ላይ እውነት ነው፤ ጠጠር ከጠጠር አጥብቆ የሚፋተገው ሲጫኑት ነውና ክብደት በጨመረ ቁጥር መያዣውም ይጨምራል።

ውሃ የጠገበ ዋልካ ግን በፍትጊያ አይሠራም። ጎማው ድንገት ሲጫነው ውሃው ከሸክላው ቅንጣቶች መካከል ለመውጣት ጊዜ ስለማያገኝ ሸክሙን የሚቀበለው ውሃው ራሱ ነው፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ አይጨባበጡም። የሚቀረው የሸክላው መጣበቅ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የሚጨምረው ጎማው የነካው ስፋት ሲጨምር እንጂ ክብደት ሲጨመር አይደለም። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሻርል ኩሎም የአፈርን ጥንካሬ በመጣበቅና በፍትጊያ ለሁለት ከፍሎ ያሳየው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ትራክተር በምን ያህል ጉልበት ማሳ ላይ እንደሚጎትት እስከ ዛሬ የሚሰላው ከዚሁ ክፍፍል ተነስቶ ነው። ስለዚህ ዋልካ ላይ የተጨመረ ኩንታል ጎማውን ያሰምጠዋል እንጂ አያስይዘውም። የሰመጠ ጎማ ደግሞ ፊቱ ያለውን ጭቃ እየገፋ ነው የሚሄደው፤ ሞተሩ ያለውን ጉልበት እዚያው ይጨርሳል።

በጥልቅ በረዶ ላይ የሚነዱትም ወደዚሁ መደምደሚያ ደርሰዋል። ካናዳዊው ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር በ1959 እ.ኤ.አ. ስኪዱ የተባለውን ቀላል የበረዶ ሞተር ለገበያ ካወጣ ወዲህ ለተራራ የሚሠሩት ዓይነቶች ቀበቷቸው እየረዘመ፣ የቀበቶው ጥርስም ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ እየወጣ ሄዷል፤ ክብደታቸው ግን እንዲቀንስ እንጂ እንዲጨምር አልተፈለገም። ነጂዎቹ የፊቱ ስኪ ቀለል ብሎ በረዶው ላይ እንዲንሳፈፍ የሞተሩን ሞላ ሳይቀር ያስተካክላሉ።

ወደ እኛ መንገድ ስንመለስ እንዲህ ይሆናል። ባጃጅ ላይ ከሆናችሁ ጭቃው ጋ ስትደርሱ ውረዱ። ሞተር ላይ ከሆናችሁ የግድ የማያስፈልገውን ጭነት አስፋልት ዳር ትታችሁ ግቡ። የቀረውም የት እንደታሰረ ለውጥ ያመጣል፦ መሪው ላይ የተንጠለጠለ ጀሪካን የፊቱን ጎማ ይቀብረዋል፤ የፊቱ ከተቀበረ ደግሞ መሪ የለም። ጭነት ዝቅ ብሎ፣ ከነጂው ወዲያው ኋላ፣ ግራና ቀኙ ተመዛዝኖ ይታሰር።

«ጎማው ጠጥሮ ከተነፋ ጭቃውን ይሰነጥቀዋል»

እርግጥ ይሰነጥቀዋል። ኮብልስቶን ላይ ለተኛ ስስ ጭቃ ይህ ይጠቅማል፤ ቀጭንና ጠጣር ጎማ ጭቃውን ቆርጦ ከሥር ያለውን ድንጋይ ያገኛል። ፎገራ ሜዳ ላይ ግን ቅርብ የሆነ ድንጋይ የለም፤ ጎማው በሰነጠቀ ቁጥር የሚያገኘው ሌላ ጭቃ ነው።

ሻካራ ሒሳብ እንሥራ። ከሞተሩና ከነጂው ክብደት 120 ኪሎው የኋላ ጎማ ላይ አረፈ እንበል። ጎማው 30 ፒኤስአይ ከተነፋ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 2.1 ኪሎ ይሸከማል፤ ስለዚህ መሬት የሚነካው ስፋት ወደ 57 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከጎልማሳ መዳፍ ያነሰ። ነፋሱ ወደ 15 ሲወርድ ስፋቱ ወደ 114 ይደርሳል። የጎማው ግድግዳ ራሱ ጥቂት ስለሚሸከም ቁጥሩ ልክ እንዲህ አይወጣም፤ አቅጣጫው ግን ይኸው ነው። ተጨማሪው ስፋት የሚመጣው በአብዛኛው በርዝመት ነው፤ ብዙ የጎማ ጥርስ በአንድ ጊዜ ጭቃው ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

ወሰን ግን አለው። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ከ15 በታች ከወረደ ቼርኪዮው ላይ መንሸራተት ይጀምርና ቫልቩን ከከመነዳሪው ይቦጭቀዋል። ነፋስ ቀንሶ የገባ ሰው መንፊያና መለኪያ መያዝ አለበት፤ አስፋልት ሲደርስ ወደ አምራቹ ልክ ሳይመልስ በፍጥነት ቢነዳ ጎማው እየተለጠጠና እየተጨማደደ ይግላል፣ መሪውም ይዋልላል። አውራ ጣት ተጭኖ «ይበቃዋል» ማለት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በአውራ ጣት 15ን ከ22 የሚለይ ሰው የለም። በመለኪያ የሚሠራ ጎሚስታ ፈልጉ።

«ትልቅ ሞተርና ብዙ ነዳጅ ያወጣል»

መሬቱ መያዝ ከሚችለው በላይ የመጣ ጉልበት ጎማ ማሽከርከሪያ ነው። የተሽከረከረ ጎማ ደግሞ ሸክላውን ያቦካዋል፤ የቦካ ሸክላ ካልተነካው ይልቅ ደካማ ነው፤ ስለዚህ በየሴኮንዱ መሬቱ እየባሰበት ይሄዳል። የሚሻለው ጭቃው ከመድረሱ በፊት በሁለተኛ ማርሽ ሆኖ፣ ነዳጅ ሳያቋርጡና ሳያበዙ በአንድ ልክ መሄድ ነው። መሃል ላይ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ከተያዘ ሞተሩ ይቆማል።

ሞተሩ ለሁለተኛ ማርሽ ከከበደው የሚቀየረው ጥርሱ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትንሹ ጥርስ 15 ከሆነ በ14 ቢቀየር የኋላ ጎማ ላይ የሚደርሰው ጉልበት ወደ 7 በመቶ ያድጋል፤ ፍጥነቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ክረምቱን በሙሉ ገጠር ለሚውል ሰው ይህ ትልቅ ሞተር ከመግዛት እጅግ የረከሰና የተሻለ ነው። ባጃጅን ግን ይህ አያድነውም፤ ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን ለሚሽከረከረው ጎማ ስለሚለቅ አንዱ የኋላ ጎማ ካዳለጠው ሌላው ይቆማል። በዚያ ላይ ብቸኛው የፊት ጎማው መኪና ባወጣቸው ሁለት ቦዮች መካከል ባለው ጉብታ ላይ ነው የሚሄደው።

«ሞተሩ የሚደክመው ቤንዚኑ ስለማይረባ ነው»

ቤንዚንም ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሞተሩም ከአቅሙ ያን ያህል ያጣል። ካርቡራተር ያለው ሞተር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፦ አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ አልቀነሰም፤ ድብልቁ ውስጥ ቤንዚን ይበዛበታል። ከወረታ ተነስቶ ደብረ ታቦር፣ 2,700 ሜትር ላይ ሲወጣ ይብስበታል። ምልክቱ ካንዴላው ላይ ነው፤ ፈትታችሁ ስታዩት ጫፉ ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። ያኔ መድኃኒቱ የቤንዚኑን ቀዳዳ አንድ ቁጥር ማሳነስ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የአየር ፊልትሮው በአቧራ መደፈኑን እዩ፤ ምልክቱ አንድ ነው። «ጉልበት እንዲያገኝ» ተብሎ ቀዳዳውን ማስፋት፣ አንዳንድ ጋራዥ እንደሚያደርገው፣ ችግሩን ያባብሰዋል። በኮምፒውተር ቤንዚን የሚመጥን ሞተር ይህን ራሱ ስለሚያስተካክል አይነካ።

«ጥቂት ጠፈፍ ይበል፣ ከዚያ እንሄዳለን»

ዋልካ አጥብቆ የሚጣበቀው ውሃው ሲበዛበት አይደለም። በጣም ከረጠበ ከጎማው ላይ ይፈሳል፤ ፈጽሞ ከደረቀ እንደ ልብ ይነዳበታል። ክፉው መሃሉ ነው። ግማሽ ፀሐይ ያገኘ ዋልካ ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ፓራፋንጎው ውስጥ ይሞላል፤ ጥቂት እንደተሄደ የፊቱ ጎማ መዞር ያቆምና እየተጎተተ ይሄዳል። ነጂው ወርዶ በእንጨት ሲፈነቅል የሚውለው ያኔ ነው። በፓራፋንጎውና በጎማው መካከል ሁለት ጣት የማይገባ ከሆነ ለክረምቱ ፓራፋንጎውን ከፍ አድርጎ ማሠር፣ ካልሆነም የታችኛውን ማውለቅ ይበጃል።

ካቴናም እዚሁ ላይ ነው የሚበጠሰው። ጭቃ ጥርሱ ላይ ሲጋገር ካቴናው ይወጠራል፤ አስቀድሞ ጠብቆ ከታሠረ ወይ ይበጠሳል ወይ የጥርሱን ኩሽኔታ ይጨርሳል። የአምራቹ መጽሐፍ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ልቅነት ከፈቀደ ለጭቃ 30ውን ውሰዱ።

ስለ እጥበት ደግሞ አንድ ነገር። ጣና ዳር አስገብቶ ማጠብ ሞተሩንም ሐይቁንም ይጎዳል። በኃይል የሚረጭ ውሃ ጎማው መሃል ያለው ኩሽኔታ ውስጥ ጭቃውን ይዞ ይገባል፤ ከካቴናው የሚታጠበው ዘይትና ግራሶ ደግሞ ሰው በሚጠጣውና ዓሣ በሚያወጣበት ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ጭቃው ሳይጠጥር በእንጨት ይፈንቀል፣ ከሐይቁ ርቆ በባልዲ ውሃና በጨርቅ ይታጠብ፣ ካቴናው ሲደርቅ ወዲያው ዘይት ይቀባ።