የአውቶማቲክ ካምቢዮ መንገጫገጭ፦ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ሊጣሩ የሚገባቸው ነጥቦች

በአራዳ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በፒያሳና በአካባቢው አቀበትና ቁልቁለት ይበዛል። በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ወይም ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ የሚወጣ ተሽከርካሪ ከባድ ጫና ውስጥ ሆኖ ማርሽ ይቀያይራል። በመሆኑም በሜዳማ መንገድ የማይስተዋል የአውቶማቲክ ካምቢዮ ጉድለት በእነዚህ አቀበቶች ላይ ጎልቶ ይታያል። ሆኖም መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ካምቢዮው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ካምቢዮ አውርዶ መፍታት ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከላቸውም፣ በእጅ ያለውን መኪና መጠበቅ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ስለዚህ ባለንብረቶች የሚከተሉትን በቅድሚያ ማጣራት ይኖርባቸዋል።

1. ችግሩ የሚከሰትበትን ሁኔታ መለየት
የእጅ ፍሬን ሳይያዝ ተዳፋት ላይ በ«ፒ» ብቻ የቆመ መኪና ክብደቱ በካምቢዮው መቆለፊያ ላይ ስለሚያርፍ፣ ከ«ፒ» ሲወጣ ድምፅ አሰምቶ ይመታል። ይህ ብልሽት ሳይሆን የአቋቋም ስህተት ነው። አሽከርካሪው የእግር ፍሬን እንደያዘ በ«ኤን» ላይ የእጅ ፍሬኑን መሳብ፣ ከዚያም ወደ «ፒ» ማስገባት አለበት። መኪናው ማርሽ በማይቀይርበት ጊዜም አቀበት ላይ የሚንገጫገጭ ከሆነ መንስኤው ሞተሩ፣ ለምሳሌ ያረጀ ካንዴላ፣ ሊሆን ይችላል። ወደ «ዲ» ወይም «አር» ሲገባ ብቻ የሚመታ ከሆነ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚይዙት ባለጎማ ደጋፊዎች ይታዩ።

2. ዘይቱን መመልከት
መለኪያ ዘንግ ባላቸው አብዛኞቹ መኪኖች ዘይቱ የሚለካው መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ሞቆና እየሠራ ነው፤ የአምራቹ መመሪያ ግን ይቀድማል። ዘይት ሲጎድል ማርሽ ዘግይቶ ይገባል፣ ወይም ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይጎትትም። የጠቆረና የማረር ሽታ ያለው ዘይት የውስጥ ፍሪሲዮኖች መቃጠላቸውን ያመለክታል። ወተት የመሰለ ዘይት ደግሞ የራዲያተር ውሃ መግባቱን ስለሚጠቁም መኪናውን ማሽከርከር ወዲያውኑ ማቆም ያስፈልጋል።

አንዳንድ የቪትዝ ሞዴሎች ያላቸው ካምቢዮ በማርሽ ፋንታ በብረት ቺንጋና በፑሌጂያ የሚሠራ ነው። ይህ ካምቢዮ የራሱ ዘይት ስላለው የተለመደው የአውቶማቲክ ዘይት ሊጨመርበት አይገባም።

3. በኮምፒውተር ማስመርመር
የመኪናው ኮምፒውተር ያገኘውን ጉድለት በኮድ ይመዘግባል። ባለንብረቱ ኮዱ ከመሰረዙ በፊት በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ አለበት። ኮድ ጠቋሚ እንጂ የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም፤ የላላ ሽቦም ሊያስመዘግበው ይችላል። የዘይት ግፊትን የሚቆጣጠሩት የኤሌክትሪክ ቫልቮች ቢበላሹም በብዙ መኪኖች ካምቢዮው ሳይወርድ ሊቀየሩ ይችላሉ።

4. በአቀበትና በቁልቁለት ላይ መጠንቀቅ
አቀበት ላይ ሲቆም መኪናውን በነዳጅ ሳይሆን በፍሬን መያዝ ይገባል፤ በነዳጅ መያዝ የካምቢዮውን ዘይት ያግላል። ከፒያሳ ቁልቁል ሲወረድም ዝቅተኛ ማርሽ መጠቀም ያስፈልጋል። በ«ኤን» መልቀቅ ፍሬን እንዲግል ስለሚያደርግ ለአደጋ ያጋልጣል። ማርሹ የሚያንሸራትት ከሆነ መኪናው አቀበት ላይ ወደኋላ ሊንሸራተት ስለሚችል፣ እስኪጠገን ድረስ ማሽከርከር አይመከርም።