ለአእምሮ ሕመምተኛ መሪ ማን ይሁን

በፎገራ ሜዳ፤ በርብና በጉማራ ወንዞች አጠገብ የሚኖር ገበሬ፤ ውሃ በሞላ ጊዜ ጎረቤቱን ጠርቶ ጎርፉን ይመልሳል እንጂ ብቻውን አይታገልም። ወደ ቤታችን የሚገባው የአእምሮ ሕመምና የመጠጥ ሱስ ግን እንደ ነውር ተቈጥሮ ይደበቃል። ሕመምተኛው በጓዳ ይታሰራል፤ ሚስትና ልጆችም ብቻቸውን ይደክማሉ።

በወረታ አካባቢ ሩዝ ከገባ ወዲህ ለእንጀራ ብቻ ሳይሆን ለጠላና ለአረቄም ሆኗል። ፍርድ ቤት ከሚቀርበው የባልና የሚስት ክርክር ስንቱ ከአረቄ እንደ ተነሣ መዝገብ የሚጽፍ ሰው ያውቀዋል። ዐዋጅ ቍጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ዳሩ ግን የሚያስፈጽመው መሪ ከሌለ ዐዋጁ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ቀድሞ በአገራችን ለዚህ ሕመም የታወቀው ሐኪም ቤት በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ብቻ ነበር፤ ሕመምተኛን ከሩቅ አገር እስከዚያ ማድረስም የቤተ ሰቡን ጥሪት ይጨርስ ነበር። ኋላ እነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም በቡታጅራ ባደረጉት ምርምር፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሐኪም እርዳታ ሳያገኙ እንደሚኖሩ ታወቀ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በጉራጌ በሶዶ ወረዳ፤ እነ ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱ የጤና ጣቢያ ነርሶችንና የጤና መኰንኖችን አሠልጥነው ሕክምናውን ወደ ሕዝቡ አቀረቡት። በ2014 ዓ.ም. የታተመው ጥናትም፤ በጤና ጣቢያ የታከሙት ሕመምተኞች ከ12 ወር በኋላ ሲመረመሩ፤ በአእምሮ ሕክምና ልዩ ትምህርት ባላቸው ነርሶች ከታከሙት እንዳላነሱ አሳየ።

እንግዲህ ለፎገራም የሚያስፈልገው ሥራውን አስተባብሮ የሚመራ ሰው ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ መድኃኒት እንዳይቋረጥ ይቈጣጠር፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከቤት ወደ ቤት ስትሄድ በጓዳ የተሰወረውን ትጠይቅ፤ የእድር ዳኛ በሕመምተኛ የሚሣለቀውን ይገሥጽ፤ በጠበል ስፍራ ያሉ አባቶችም ተጠማቂው የሐኪሙን መድኃኒት እንዳይተው ይምከሩ። እያንዳንዱ በየሥራው ቢተጋም፤ በወር አንድ ቀን ተገናኝተው ካልተመካከሩ ሕመምተኛው በመካከላቸው ይጠፋል።

ለቤተ ሰብም አንድ ምክር አለ። ብዙ ዘመን አረቄ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ቢያቆም፤ መንቀጥቀጥና እንደሚጥል በሽታ ያለ መውደቅ ሊያገኘው፤ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ዘመዶቹ ቈልፈው አያስቀምጡት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት እንጂ።

በቤቱ ሰው የታመመበት በሩን ዘግቶ አይቀመጥ፤ ጎረቤቱን ይጥራ፤ ጎረቤቱም አይዘግይ።