ሶላሩ ፀሐይ ላይ፣ ባትሪው ጥላ ሥር

በወረታ ከተማና በፎገራ ሜዳ ቀበሌዎች ስትሄዱ ቀና ብላችሁ የቆርቆሮውን ጣሪያ እዩ። በብዙ ቤት ላይ ሶላር ተቀምጧል። በአንዳንዱ ቤት ደግሞ መብራቱም ስልኩም ከሶላሩ ጎን ቆርቆሮው ላይ ተኝተው ይውላሉ። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ነው።

ስሕተቱን እኛም ሠርተነዋል። የማታ ትምህርት የምናስተምርበትን መብራት ጠዋት ቆርቆሮ ላይ አውጥተን እስከ ማታ እንተወው ነበር። መጋቢትና ሚያዝያ እንዲህ አለፉ። መጀመሪያ መብራቱ ትምህርቱ እስኪያልቅ ያበራ ነበር። በኋላ ቶሎ ይደክም ጀመር። አንድ ማታ ንባብ መካከል ላይ ድርግም አለ። አንዲት እናት በጨለማው ውስጥ፣ «ልጆቼ፣ ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ እንዴት ይጠማዋል?» አሉን።

ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን እንዲህ ነው፦ ፀሐይ የሚፈልገው ሶላሩ ነው፤ ባትሪው የሚፈልገው ጥላ ነው።

በስልክና በአዳዲሶቹ የሶላር መብራቶች ውስጥ ያለው ባትሪ የሊቲየም ባትሪ ይባላል። ሊቲየም በጣም ቀላል የሆነ ብረት ነው። ይህ ባትሪ እንደ ባትሪ ድንጋይ አንዴ ሲያልቅ አይጣልም፤ እየተሞላ ይሠራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 በጃፓን አገር ነው። በውስጡ ሁለት ስስ ንጣፎች አሉ፤ በመካከላቸው ፈሳሽ አለ። አንደኛው ንጣፍ ግራፋይት ነው። ግራፋይት እንግዳ ነገር አይምሰላችሁ፤ የምትጽፉበት እርሳስ ጥቁሩ ልብ ከእሱ የተሠራ ነው። ባትሪው ሲሞላ ሊቲየሙ ፈሳሹን አቋርጦ ግራፋይቱ ውስጥ ይገባል። ስንጠቀምበት ይወጣል። ማታ በረት ገብቶ ጠዋት እንደሚሰማራ ከብት ማለት ነው።

ታዲያ ሙቀት ምን ያደርጋል? ወተት በሞቃት ቀን ቶሎ ይረጋል፣ በብርድ ይዘገያል። ባትሪ ውስጥም እንዲሁ ነው። ሙቀት ሲበዛ ፈሳሹ ከግራፋይቱ ጋር እየተዋሐደ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ ሊቲየሙን ይዞ ያስቀራል። የበረቱ በር ይጠባል፣ ከብቱም ያንሳል። የቀረው ከብት ደግሞ አይመለስም።

ባትሪው ሞልቶ ሳለ ቢሞቅ ጉዳቱ ይብሳል። ባለሙያዎች የሚጠቅሱት ግምት አለ። ግማሽ ያህል የተሞላ ባትሪ በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ዓመት ቢቀመጥ ከ100 እጅ አቅሙ 4 እጅ ያህል ያጣል። ሙሉ ሆኖ በ40 ዲግሪ ቢቀመጥ ግን የሚያጣው 35 እጅ ያህል ነው። ወረታ በበጋ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር እንኳ ይሞቃል። ቆርቆሮውማ እጅ አያስቆምም። የእኛ መብራት ሞልቶ ሳለ እዚያ ላይ ነበር የሚውለው!

ስልክ ሲሞቅ መሙላቱን የሚያቆምበት ጊዜ አለ። ተበላሽቶ አይደለም፤ ራሱን እየጠበቀ ነው። ጥላ ሥር አስቀምጡት፣ ሲበርድ ይቀጥላል። ውሃ ውስጥ ግን አትንከሩት።

ብርድም የራሱ ጣጣ አለው። ከደብረ ታቦር ወዲያ ጉና ተራራ አለ፤ ከፍታው ከ4000 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ደጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ከ0 ዲግሪ በታች በቀዘቀዘ ባትሪ ላይ ኤሌክትሪክ ሲላክበት ሊቲየሙ ግራፋይቱ ውስጥ መግባት ያቅተውና ላዩ ላይ ይጋገራል። ይህም ባትሪውን ይጎዳል፣ አደጋም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ደጋ ያሉ ዘመዶቻችሁ ሌሊት ውጭ ያደረውን ስልክ ጋቢ ውስጥ አቆይተው ይሙሉት። እሳት ዳር አያሙቁት። በብርድ ቶሎ ያለቀ የሚመስል ስልክ ሲሞቅ ነፍስ የሚዘራበት ጊዜም አለ፤ ይህ ከሙቀት ጉዳት ይለያል።

ሶላሩና መብራቱ በሽቦ የሚገናኙ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ሶላሩ ጣሪያ ላይ ይውጣ፣ ሽቦው በክፈፉ ሥር ይግባ፣ መብራቱ ቤት ውስጥ ይቀመጥ። ሶላሩ መብራቱ ጀርባ ላይ የተጣበቀ ከሆነ ግን ፀሐይ ላይ ማውጣት ግድ ነው። ያኔ ቆርቆሮ ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ ይደረግ፤ ሲሞላ ቶሎ ይግባ። ለብዙ ጊዜ የማትጠቀሙበትን ባትሪ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ።

ያበጠ ባትሪ ካያችሁ መሙላቱን አቁሙ። አትብሱት፣ አትክፈቱት፣ ልጆችም አይጫወቱበት። ሊቃጠል ይችላል።

ሰው የሩዝ ዋጋ የሚጠይቀው በስልክ ነው። ቴሌብር ያለው ገንዘቡንም በስልክ ይልካል። ባትሪ ሲሞት ይህ ሁሉ ይቆማል፤ አዲስ መግዛትም ወጪ ነው።

የእኛ መብራት አሁን ቤት ውስጥ ነው የሚውለው፤ ጣሪያው ላይ ሶላሩ ብቻ አለ። ያጣው አቅም ግን አልተመለሰም። የሚያበራው ለግማሽ ትምህርት ነው። ስለዚህ ማታ ንባቡን እናስቀድማለን። ጽሕፈቱን ወደ እሑድ ከሰዓት፣ ወደ ቀን ብርሃን አዛውረነዋል።