አነስተኛ የሰርቨር ማዘርቦርድ ለቤት፦ አመራረጡና አቀዛቀዙ

ሰርቨር ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ተደርድሮ የሚጮኸው መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ የመመረቂያ ጽሑፎችንና የቤተሰብ ፎቶግራፎችን ጠብቆ ቀንና ሌሊት የሚሠራ አነስተኛ ሰርቨር በቤት ውስጥ መገጣጠም ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ ማዘርቦርዱ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚቀዘቅዝ እንመለከታለን። ሁለቱ ጥያቄዎች ተነጣጥለው መታየት እንደሌለባቸውም እናሳያለን።

በመጠን ረገድ ለቤት የሚመቸው፣ ቪአይኤ የተባለው የታይዋን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ያስተዋወቀው ሚኒ አይቲኤክስ ነው። እያንዳንዱ ጎኑ 17 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ስፋቱ ከተለመደው ኤቲኤክስ ቦርድ ግማሽ እንኳ አይሞላም። የሰርቨር ቦርድን ከተራው የሚለዩት በተለይ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ በሚሞሪ ውስጥ በስሕተት የተለወጠን አንድ ቢት ፈልጎ የሚያርመውን ኢሲሲ ሚሞሪ መቀበሉ ነው። ሁለተኛው፣ የሙቀት መጠንንና የፋን ፍጥነትን የሚከታተል፣ ሰርቨሩንም በኔትወርክ በኩል ከሩቅ ለመቆጣጠር የሚያስችል ራሱን የቻለ ቺፕ መያዙ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የኃይል ጉዳይ ነው። ለምሳሌ የኢንቴል አተም ሲ2750 (እ.ኤ.አ. 2013) እና ዚዮን ዲ-1540 (እ.ኤ.አ. 2015) ሁለቱም ስምንት ኮር ያላቸው ፕሮሰሰሮች ናቸው። ሆኖም የመጀመሪያው 20 ዋት፣ ሁለተኛው 45 ዋት ሙቀት እንዲወገድለት ታስቦ የተሠራ ነው። ፋይል ለማስቀመጥ ብቻ የሚፈለግ ሰርቨር የመጀመሪያውን ዓይነት ፕሮሰሰር ቢይዝ ይበቃዋል። ከሚያስፈልገን በላይ የገዛነው እያንዳንዱ ዋት ሁለት ጊዜ ያስከፍለናል፤ አንድ ጊዜ በመብራት ሒሳብ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሙቀቱን ለማስወገድ።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በአንዳንድ የሰርቨር ቦርዶች ፕሮሰሰር ላይ የሚታየው ፋን የሌለው ክንፋም ብረት ብቻ ነው። ይህ ማለት ግን ቦርዱ አየር አያስፈልገውም ማለት አይደለም። አምራቹ ያሰበው ሰርቨሩ ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ በኃይል የሚነፍስ ነፋስ እንዳለ ነው። ቦርዱ ጸጥ ባለ የቤት ሣጥን ውስጥ ሲገባ ይህ ነፋስ ይቀራል። ያን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ከቀጠለም በድንገት ይጠፋል። በዚያች ቅጽበት እየተጻፈ የነበረው ፋይል ሊበላሽ ይችላል።

ምን ያህል አየር ይበቃል? በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሊትር አየር በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ 1.2 ጁል ያህል ይወስዳል። ስለዚህ 60 ዋት የሚያመነጭ ሣጥን የሚያልፍበት አየር ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ በሴኮንድ 5 ሊትር ያስፈልገዋል። 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ፋኑ የሚገፋው አየር በሊትር ሲለካ ያው ቢሆንም፣ በክብደት ሲለካ ያንሳል። በመሆኑም ለዚያው ሥራ 6.7 ሊትር ያህል ያስፈልጋል፤ ይህም የአንድ ሦስተኛ ጭማሪ ነው።

መፍትሔው ትንሽ ፋንን በፍጥነት ማሽከርከር ሳይሆን ትልቅ ፋንን በዝግታ ማሽከርከር ነው። የአንድ ፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚገፋው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚወስደው ኃይል ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ጩኸቱም ይቀንሳል። ባለ 12 ሳንቲ ሜትር ፋን አየሩን በቀጥታ በክንፎቹ መካከል እንዲያሳልፍ ማድረግ ይበጃል። ሆኖም በአንዳንድ ቦርዶች ላይ ተቆጣጣሪው ቺፕ ዝግ ያለውን ፋን እንደተበላሸ ቆጥሮ ሁሉንም ፋኖች በሙሉ ኃይል ያስነሣል። ስለዚህ ዝቅተኛው የፍጥነት ወሰን በቺፑ ላይ መስተካከል ይኖርበታል።

በመጨረሻም፣ ፋይሎቻችንን ለሰርቨሩ አደራ ከመስጠታችን በፊት ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በሙሉ አቅሙ እናሠራውና የሙቀት ንባቦቹን አምራቹ ከወሰነው ጣሪያ ጋር እናነጻጽር። ማዘርቦርድ ስንመርጥም ከዋጋውና ከፍጥነቱ አስቀድመን፣ ሲሠራ ይኖረዋል ተብሎ የታሰበው ነፋስ በእኛ ሣጥን ውስጥ ከየት እንደሚመጣ እንጠይቅ።